ለረጅሙ ልጄ ድንኳን ስመርጥ

ሰሞኑን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ድንኳን ሳይ ነው የማመሸው። የመጀመሪያ ልጃችን ቁመቱ 1 ሜትር ከ94 ደርሷል፤ ማደጉንም ገና አልጨረሰም። ስለሚቀጥለው የካምፒንግ ጉዟችን ስናወራ ቀስ ብሎ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት ልሁን» አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ነው የተኛው፤ ጠዋት ስንነሳ የስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) የእግር በኩል ርሶ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ረጅም ልጆች ወንበሩም፣ አልጋውም፣ የመኪና መቀመጫውም ለእነሱ ልክ እንዳልተሠራ ቶሎ ይለምዱታል፤ ስለዚህ ከማማረር ራሳቸውን ማጠፍ ይቀላቸዋል። እኔን ግን ልቤን በላኝ። የዚህኛው ድንኳን ምርጫ ከእሱ እግር ነው የሚጀምረው ብዬ ቆረጥኩ። ለእሱ የበቃ ድንኳን ለሌሎቻችን ይተርፋል፤ ለመካከለኛ ቁመት የተሠራው ግን እሱን ቤት ያስቀረዋል።

ፍለጋ ስጀምር መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የሰው ቁጥር ነው። «የስድስት ሰው»፣ «የስምንት ሰው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር የሚወጣው ጠባብ ፍራሾች ጎን ለጎን ተነጥፈው ነው፤ ለአንድ ሰው የሚታሰበው ወርድ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ቦርሳ፣ ጫማ፣ ጃኬት አይቆጠርም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከቤተሰቡ ቁጥር ቢያንስ በሁለት ሰው ጨምራችሁ ግዙ ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ለረጅም ሰው ግን ይህ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ወርዱ ነውና። የሁለት ሰው ድንኳን ብዙውን ጊዜ 210 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የስድስት ሰው የሚባለውን ስታዩ ደግሞ የመኝታ ክፍሉ ያው 210 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰፊ ቦታ ተገዝቶለት እግሩን መዘርጋት ላልቻለ ልጅ ምኑ ነው?

«210 እኮ ከ194 ይበልጣል፣ 16 ሴንቲሜትር ይተርፈዋል» የሚል ሰው ይኖራል። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሳሎን ውስጥ ልለካው ፈለግኩ። ጠረጴዛውን ገፍተን 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ፍራሽ ነፋን፤ ልጁ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ገብቶ ትራሱን አድርጎ በጀርባው ተኛ። ታናሽ እህቱ ሜትሩን ያዘች። ከአናቱ በላይ ካለው የከረጢቱ ጫፍ እስከ እግሩ ጫፍ 205 ሴንቲሜትር ሆነ። በሆዱ ሲገለበጥ የእግሩ ጣቶች ወደ ኋላ ስለሚዘረጉ 215 ደረሰ። ከዚያ ሜትሩን ቀጥ አድርገን ከወለሉ ወደ ላይ ለካን። በጀርባው ሲተኛ የእግሩ ጣት፣ ከነፍራሹና ከነስሊፒንግ ባጉ ውፍረት፣ ከወለሉ 38 ሴንቲሜትር ላይ ነው። አናቱ ደግሞ 30 ገደማ ላይ። እኔ ወረቀት ላይ ስጽፍ እሱ ተኝቶ ጣሪያውን እያየ «ይሄን ያህል ነኝ እንዴ?» አለ። አዎ፣ ይሄን ያህል ነህ፤ ድንኳኑም ይሄን ያህል ይሆናል አልኩት።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። አምራቾች የሚጽፉት ርዝመት የወለሉ ርዝመት ነው፤ የሰው እግር ጣት ግን ያለው ወለሉ ላይ ሳይሆን 38 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የድንኳኑ ግድግዳ ወደ ውስጥ አጋድሏል። ሒሳቡን ብንሠራው፣ የወለሉ ርዝመት 215 የሆነና ግድግዳው በ60 ዲግሪ የተጋደለ ድንኳን በእግር በኩል 22 ሴንቲሜትር፣ በራስ በኩል 17 ሴንቲሜትር ይበላል። የሚተርፈው 176 ብቻ ነው። 176! ይህ ለልጄ ቀርቶ ለእኔም በጭንቅ ነው የሚበቃኝ። ያው 215 ሴንቲሜትር ወለል ያለው፣ ግድግዳው ግን 80 ዲግሪ ያህል ቀጥ ያለ ድንኳን የሚወስደው በሁለቱም ጫፍ ተደምሮ 12 ሴንቲሜትር ነው፤ 203 ይተርፋል። ወለሉን ወደ 230 ካሳደግነው ደግሞ 218 እናገኛለን፤ ልጁ በጀርባውም በሆዱም ቢተኛ የሚበቃው ያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድንኳን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የማየው በጎን በኩል የተነሳውን ነው፤ ጫፎቹ ከመሬት ሲነሱ ቀጥ ይላሉ ወይስ ወዲያው ይተኛሉ? ከፊት ለፊት የተነሳው የሚያምር ፎቶ ይህን አያሳይም።

እግር ሸራ ቢነካ ምን ችግር አለው የሚል ካለ፣ ያንን የረሰ ስሊፒንግ ባግ ያላየ ነው። ብዙዎቹ የቤተሰብ ድንኳኖች ሁለት ንብርብር አላቸው፤ ውስጡ አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅና መረብ፣ ላዩ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ሸራ። ሌሊቱን ሙሉ የምንተነፍሰው እርጥበት በውስጠኛው ጨርቅ በኩል ያልፍና የላይኛው ቀዝቃዛ ሸራ ጋ ሲደርስ ወደ ውሃ ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ክፍተት እስካለ ድረስ ውሃው በሸራው ላይ ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል፤ የተኛው ሰው አያውቀውም። እግር ውስጠኛውን ገፍቶ ከውጨኛው ጋር ካጣበቀው ግን ያ ሁሉ ውሃ በተነካው ቦታ በኩል ይሻገራል። ድንኳኑ አላፈሰሰም፣ ዝናብም አልዘነበም፣ እግር ግን ርሷል። ስሊፒንግ ባጉ በላባ የተሞላ ከሆነ የባሰ ነው፤ ላባ ሲርስ ተጣብቆ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ስለዚህ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ብርድ ባለበት ቦታ የልጅ ጤና ጉዳይ ነው። ከዚሁ ጋር፣ ቅዝቃዜ ሲሆን የአየር መግቢያዎቹን መዝጋት ይቀናናል፤ ያኔ እርጥበቱ የባሰ ይጠራቀማል። ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት መተው አለባቸው።

ቁሞ መንቀሳቀስ ሌላው ነገር ነው። እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሱ «ድንኳን ለመተኛ ነው፣ መቆምን ምን ያደርግልሻል?» ይላል። ዝናብ የያዘው ቀን ሙሉ ውስጥ መዋል፣ ሱሪ ለመልበስ በጀርባ ተኝቶ መታገል፣ ጎንበስ ብሎ የትናንሾቹን ፍራሽ ማስተካከል፤ ለ194 ሴንቲሜትር ሰው ይህ ሁሉ የወገብ ሕመም ነው። የሚጻፈው ከፍታ ግን የጣሪያው ከፍተኛ ነጥብ ነው። ምሰሶዎቹ መሃል ላይ በሚሻገሩበት ጉልላት ቅርጽ ድንኳን ውስጥ 200 ሴንቲሜትር ተብሎ ቢጻፍ፣ 200 የሚሆነው አንዲት ነጥብ ላይ ነው፤ እሷም ላይ ፋኖስ ይሰቀላል። አንድ እርምጃ ቢሄድ ራሱ ሸራ ይነካል። በሩም እንዲሁ መለካት አለበት። ውስጡ ሰፊ ሆኖ በሩ አጎንብሶ የሚያስገባ ብዙ ነው፤ ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ደግሞ በዚያ በር ደጋግሞ ያልፋል።

ልቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ክቡ የጥጥ ሸራ ድንኳን ነበር፤ መሃሉ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሞ ዙሪያውን የሚወጠረው። አምስት ሜትር ስፋት ያለው ብዙውን ጊዜ መሃሉ 3 ሜትር ከፍታ፣ ዙሪያው ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው። ለመኝታ ግሩም ነው፤ እግር ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲተኛ 38 ሴንቲሜትር ላይ ያለው ጣት ገና ቀጥ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያገኘው። ሲቆም ግን ጣሪያው በቀጥታ ስለሚወርድ፣ ስሌቱን ስሠራው ልጄ ራሱ ሳይነካ የሚቆመው ከምሰሶው 110 ሴንቲሜትር እስከሚርቅ ብቻ ነው። ያም ባልከፋ። ያስተወኝ ክብደቱና አያያዙ ነው። የጥጥ ሸራ አየር ያስተነፍሳል፣ ውስጡም እንደ ፕላስቲክ አያልበውም፤ ግን ከባድ ነው፣ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል። ተጉዘን በመጣን ቁጥር ዘርግቶ የሚያደርቅ ቦታና ጊዜ ያለው ሰው ቢገዛው አይቆጭም።

ቤት መሰል፣ አራቱም ግድግዳው ቀጥ ያለ ድንኳን ደግሞ ለረጅም ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ከጥግ እስከ ጥግ መቆም ይቻላል፣ የወለሉ ሴንቲሜትር ሁሉ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ከፍታ አያስፈልግም ያለው ባለቤቴ ልክ ነበር፤ ቀጥ ያለና ረጅም ግድግዳ ነፋስን ፊት ለፊት ይቀበላል። ዛፍ ወይም ጉብታ በከለለው ቦታ፣ በጥሩ አየር፣ ምርጥ ነው። ሜዳ ላይ፣ ሐይቅ ዳር፣ ኮረብታ ላይ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ይመስለኛል። ከፍ ያለ ድንኳን የገዛ ሰው የመወጠሪያ ገመዶቹን አንድም ሳይቀር በካስማ መትከል አለበት፤ ለጌጥ የተንጠለጠሉ አይደሉም።

በመጨረሻ ያረፍኩት በዋሻ ቅርጽ ላይ ነው፤ ቀስት የሚመስሉ ምሰሶዎች በተርታ ቆመው፣ ከፊት ሳሎን ከኋላ መኝታ ያለው። እንደ ጉልላቱ ጣሪያው በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን ከፊት እስከ ኋላ በመሃል መስመር ከፍ ይላል። የመረጥኩት 215 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ የመኝታ ክፍሉም 230 የሆነ ነው። ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን የመኝታ ክፍሉ በር ነው። የመኝታ ክፍሉ ከሳሎኑ የሚለየው ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለ ጨርቅ ነው፤ ከዚያ ጨርቅ በስተጀርባ ያለው ሳሎኑ እንጂ የላይኛው እርጥብ ሸራ አይደለም። ልጄ እግሩን ወደዚያ አዙሮ ቢተኛ ግድግዳው አይጋደልበትም፤ ጣቱ ጨርቁን ቢነካ እንኳ የሚሻገር ውሃ የለም። የሚያጋድለው በራስ በኩል ያለው የኋላው ግድግዳ ብቻ ነው። እንግዲህ ድንኳኑን ስንተክል መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ካለው፣ በሩን ወደ ታች ማድረግ ይኖርብናል፤ አለበለዚያ ራሱ ከእግሩ ዝቅ ይላል። ጠባቡን ጫፍ ደግሞ ነፋሱ ወደሚመጣበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ነፋሱ ይቅደም፣ ለራስ በኩል ወፍራም ትራስ እንጨምራለን። ይህ ድንኳን ያለ ካስማ አይቆምም፤ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ጠንከር ያሉ ካስማዎች ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

ጨርቁ ፖሊስተር መሆኑንም አይቻለሁ። ናይሎን ጠንካራ ነው፤ ግን ሲርስ ይለጠጥና ይረግባል፤ የረገበ ጣሪያ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ረጅሙን ሰው ነው። ምሰሶዎቹ ፋይበርግላስ ሳይሆኑ አሉሚኒየም ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ፋይበርግላስ ሲሰበር ይሰነጠቅና እጅ ይወጋል። ክብደቱ 20 ኪሎ አካባቢ ነው፤ በመኪና ለምንሄድ ለእኛ ችግር የለውም፣ በጀርባ ለሚጓዝ ግን የማይታሰብ ነው።

«ሰያፍ ይተኛ» ያለኝም ሰው አለ። በቁጥር እውነት ነው፤ 240 በ210 የሆነ ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 319 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ሁለት ሰው ብቻ ለሚተኛበት ጥሩ መላ ነው። አምስት ሆነን ስንተኛ ግን እሱ ሰያፍ ሲሆን ትናንሾቹ ጥግ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ይቀራሉ፤ እሱ ደግሞ ያንን ሲያይ ተመልሶ ራሱን ያጥፋል። አውቀዋለሁ።

ፍራሽና ስሊፒንግ ባጉም ይቀረናል። የተለመደው ፍራሽ 183 ሴንቲሜትር ነው፤ ረጅም የሚባለው 196 ገደማ። ስሊፒንግ ባግም እንዲሁ ረጅም የሚባል ልክ አለው፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 198 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው ሰው። አጭር ከረጢት ውስጥ እግር ሲገፋ ሙሌቱ ይጨፈለቅና እግር ይበርደዋል፤ ድንኳኑ የቱንም ያህል ቢረዝም ያንን አያድንም። በጣም ወፍራም ፍራሽ ግን አልገዛም፤ ፍራሹ በወፈረ ቁጥር አናቱም ጣቱም ከፍ ይላል፣ የኋላው ግድግዳም ይቀርበዋል።

ድንኳኑ ሲመጣ ከጉዞው በፊት ሜዳ ላይ እንተክለዋለን፤ ልጄ ከነፍራሹ ከነስሊፒንግ ባጉ ገብቶ በጀርባውም በሆዱም ይተኛል፣ እህቱ ሜትሩን ትይዛለች። አናቱ የኋላውን ግድግዳ ከነካ ግን፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም፣ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ እንመልሰዋለን።