የነሐሴ ቅዳሜ ገበያ

የክረምቱን ቅዳሜ ገበያ እወደዋለሁ። ይህን ስል ጓደኞቼ ግራ ይጋባሉ። እነሱ የሚታያቸው ጭቃው፣ ዝናቡና የዋጋው ነገር ነው። እውነታቸውን ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሳይንሸራተቱ መራመድ ራሱ ሥራ ነው። ግን በጋ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ብር ካላችሁ ትገዛላችሁ፣ አለቀ። ክረምት ላይ የሚገኘው ለምን እንደተገኘ፣ የጠፋው ለምን እንደጠፋ ማወቅ ይፈልጋል። ያንን ያወቀ ሰው ከክረምት ገበያ ጥሩ ነገር ይዞ ይመለሳል።

ፍልሰታ ከገባ የዛሬው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከፒያሳ ወርጄ ገበያው ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ማታ ዘንቦ ስላደረ መሬቱ ጨቅይቷል፤ ሰማዩ ግን ገለጥ ብሏል። ክረምት ላይ ሰዓቱን ማወቅ ዋና ነገር ነው። በጣም በጠዋት ብትሄዱ የገጠሩ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው። ከሰዓት ብትሄዱ ደግሞ የለም። ገበሬው ከዝናቡ ይልቅ የሚፈራው ውኃ ሙላቱን ነው። በጋ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሩት ጅረት ክረምት ላይ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ እዚህ ፀሐይ እየበራ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። መገጭን የመሰለው ትልቁ ወንዝ ቀርቶ ስም የሌለው ፈፋ ሰው ያስቀራል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣው ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ሰማይ ሰማይ ማየት ይጀምራል። ሰባት ሰዓት ገደማ ማዳበሪያውን ያራግፍና ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት አብዛኞቹ የከተማ ቸርቻሪዎች ናቸው።

ቸርቻሪውን አልጠላም፤ እሱም ለልጆቹ ነው የሚለፋው። ነገር ግን ቅዳሜ የምወጣው ያመረተውን ሰው ራሱን ለማግኘት ነው። ሁለቱን መለየት አይከብድም። ቸርቻሪው ፊት ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም፣ ካሮቱም፣ ቃሪያውም በየዓይነቱ ተደርድሯል። ከገጠር የመጣችው እናት ፊት ግን አንድ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት ነገር ነው ያለው። ጥቂት መደብ ድንች፣ አጠገቡ ሁለት እስር ጎመን። ዳር ላይ ነው የምትቀመጠው። የዝናቡ ላስቲክ ትከሻዋ ላይ ነው፤ አንዳንዱ አባት ደግሞ እስከ ዛሬ ገሳ ይዞ ይመጣል።

ዛሬ ቀድሜ የገዛሁት ድንች ነው። የነሐሴ ድንች ለብቻው ነው። ሚያዝያ አካባቢ በየጓሮው የተተከለው አሁን ነው የሚወጣው። ቅርፊቱ ከመሳሳቱ የተነሳ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይላጣል። ስትቀቅሉት ቶሎ ይበስላል፤ ለአልጫ የሚሆነው ይሄ ነው። ችግሩ አይከርምም። ስለዚህ የሳምንት ያህል ብቻ ግዙ። የታጠበውን አልመርጥም፤ አፈሩ ያለበት የተሻለ ይቆያል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ግን ተውት። ይመራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ስለ ድንች ሳስብ ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር በኩል እንደሆነ ይነገራል። ከጤፍና ከገብስ ዕድሜ አንጻር የትናንት እንግዳ ማለት ነው። ግን አሁን ያለ ድንች የሰሜኑን ክረምት ማሰብ ይከብዳል። እህል ገና ማሳ ላይ ቡቃያ ሆኖ ሳለ ድንች በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል። ጎተራው ባዶ ሲሆን ቤቱን የሚያሻግረው እሱ ነው።

የክረምት ገበያ ትልቁ ጉዳይም ይሄው ነው፤ የጎተራው መራቆት። ከተማ ያደግን ሰዎች ክረምትን የልምላሜ ወቅት አድርገን ነው የምናየው። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ፎቶ ያምራል። ለገበሬው ግን ከባዱ ጊዜ ነው። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ ነው። የደምቢያ ጤፍ የሚዘራው በዚሁ በክረምቱ ነው። አጨዳውና ውቂያው ከኅዳር በኋላ ነው። እስከዚያ ያለውን ወር መቁጠር ነው። በዚህ ላይ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ፣ እርሻውም አረሙም፣ የሚመጣው አሁን ነው። ሰው በጣም የሚለፋው በጣም በተቸገረበት ወር ነው።

እህል ተራ ብትሄዱ ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጥር ላይ ገበሬው እዚያ ሻጭ ነው። ነሐሴ ላይ ብዙ ጊዜ ገዢ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዛሬ ድንች የሸጡልኝን እናት ከአንድ ሰዓት በኋላ እህል ተራ ላይ አየኋቸው። በድንቹ ብር ማሽላ እያስሰፈሩ ነበር። ጣሳው ሲሞላ ሰፋሪው በእጁ ጠረግ አደረገው። እሳቸው ደግሞ "ኧረ ሙላልኝ ልጄ፣ ቤት ሙሉ ሰው ነው የሚጠብቀኝ" አሉት። ሞላላቸው። እኔ ራሴ ድንቹን ስገዛ "ይመርቁልኝ እንጂ እማማ" ብዬ ነበር። ሳቅ ብለው ሦስት ፍሬ ጨምረውልኛል። ምርቃት የገበያ ወግ ነው፣ ያለ እሱ ግዢው ግዢ አይመስልም። ከዚያ ወዲያ ግን ከእንዲህ ዓይነት መደብ ላይ አልከራከርም። የሚከራከረኝ ጠፍቶ አይደለም። ያቺ የምቀንሳት ብር እዚያ ጣሳ ውስጥ እንደምትገባ ስለማውቅ ነው።

ጤፍ ተወዷል። በክረምት መወደዱ አዲስ አይደለም፤ አቅም ያለው ሰው ለዚህ ነው ጥርና የካቲት ላይ አስጭኖ የሚያስቀምጠው። አቅም የሌለው በጣሳ እየገዛ ክረምቱን ይገፋል። የመንገዱ ነገር ሲከፋ ደግሞ ለሁላችንም ይብሳል። የዘንድሮው እህል በደህና ገብቶ፣ መንገዱም ሰላም ሆኖ ገበሬው በሻጭነቱ ወንበር እንዲቀመጥ ከልቤ እመኛለሁ።

ሽንኩርትና ቲማቲም ዛሬ ፊታቸውን አዙረዋል። ቀይ ሽንኩርት ትንንሽና ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ግን ትልቅ። ምክንያት አለው። የፎገራ ሜዳ ሽንኩርት በመስኖ የሚለማው በበጋ ነው። ክረምት ላይ እርጥበቱ ቅጠሉን ያሳምመዋል፣ የተነቀለውንም ያበሰብሰዋል። ቲማቲምም እንዲያው ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሽንኩርት የሚበዛበት ወጥ ከመሥራት ሌላ ብልሃት መፈለግ ይሻላል። ጎመኑን ተመልከቱ። የክረምት የአበሻ ጎመን ቅጠሉ ለጋ ነው፣ ግንዱ እንኳን አይጣልም። ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበቃዋል። ለፍልሰታ ከዚህ የተሻለ ምሳ አላውቅም። ቅጠሉን ስትገዙ እስሩን ገልጣችሁ መሐሉን እዩት፤ ዝናብ መትቶት የታሰረ ጎመን ከመሐል ነው ቢጫ መሆን የሚጀምረው።

ቅቤ ተራ የሄድኩት በስተመጨረሻ ነው። ጾም ገብቶ ቅቤ ተራ ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህን ሰሞን ነው። ሣሩን በመጥገቧ ላሟ ታልባለች፤ ቅቤው ይመጣል። ገዢው ግን ጾመኛ ነው። እንቁላሉም እንደዚሁ ሰው አጥቶ ተቀምጧል። ጳጉሜ ላይ ግን ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ቅቤና ዶሮ ፈላጊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዋጋውን አትጠይቁ። አሁን ገዝቶ ማንጠርና ለእንቁጣጣሽ ማስቀመጥ ነው። የተነጠረ ቅቤ ይቆያል።

አመራረጡ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም፤ ሥራው የአፍንጫ ነው። ከላይ ያለውን ብቻ አትመኑ። ቀጭን ስንጥር ወደ መሐሉ ሰዳችሁ አውጡና አሽቱት። ከላይም ከመሐልም ጠረኑ አንድ መሆን አለበት። ትንሽ ወስዳችሁ መዳፋችሁ ላይ አሹት። ንጹሕ ቅቤ በእጅ ሙቀት ይቀልጣል፣ ፍርፋሪ አይተውም። ዛሬ የገዛሁት በቅጠል ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ይዘውት የመጡት ባልና ሚስት ከወገራ በኩል ናቸው። ሰውየው "ጠግባ የበላች ላም ናት እቴ፣ ሽታው ይነግርሻል" አሉኝ። እውነትም ነገረኝ።

ወለቃ የሚሠራው ሸክላ በዚህ ሰሞን እንደልብ አይገኝም። በዝናብ ሸክላ ማድረቅም መተኮስም ይከብዳል። ጀበና የሚፈልግ ሰው ጥቅምትን ቢጠብቅ ምርጫ ያገኛል።

ዓሣም አለ፤ ከጎርጎራ በኩል የሚመጣ። እኔ ክረምት ላይ አልገዛም፤ በጾሙ ምክንያት ብቻም አይደለም። ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ የተወሰኑት በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ መገጭ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ሲያዙ የሚጠፋው የአንድ ቀን ዓሣ ሳይሆን የሚቀጥለው ትውልድ ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ዓሣ የሚወዱ ጓደኞቼን ሁሉ ቢያንስ እስከ ጥቅምት ታገሱ እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ይስቃል።

በቆሎ እሸት ገና ብቅ ብቅ እያለ ነው። ከሰሉ ላይ የሚጠበሰው ሽታ ገበያው መግቢያ ላይ ይቀበላችኋል። ለቤት የምትገዙ ከሆነ ግን ከላይ የተገፈፈውን አትውሰዱ። ሽፋኑ አረንጓዴና እርጥብ፣ ጢሙ ቡናማ የሆነውን ምረጡ። ጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍር ጫን በሏት፤ ወተት የመሰለ ከወጣት ደርሷል። ውኃ ከሆነ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣ አርጅቷል። በቆሎ ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ጠዋት የተለቀመ በቆሎ ማታ ቤት ሲቀቀልና ሦስት ቀን መጋዘን ያደረ ሲቀቀል ሁለት የተለያየ ምግብ ነው። ከገበሬው እጅ መግዛት ጥቅሙ በጣም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ላስቲኮች ተዘረጉ፣ ባጃጆች ዋጋቸውን ጨመሩ። ድንች የሸጡልኝ እናት ማሽላቸውን አዝለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሊወጡ ሲሉ አገኘኋቸው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ድንች እንዲያስቀሩልኝ ነገርኳቸው። "እግዜር ካለ፣ ወንዙም ካሳለፈን" አሉኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ የቡሄ ሰሞን ስለሆነ ለሙልሙሉ የወገራ ስንዴ መፈለግ አለብኝ። ስንዴው ቶሎ ስለሚያልቅ ከድንቹ በፊት ወደዚያ ነው የምሄደው።

ቅቤውን ዛሬ ማታ አነጥረዋለሁ። ኮሰረቱም፣ አብሹም፣ ጥቁር አዝሙዱም ቤት አለ። ኮረሪማ ብቻ ነው ያለቀው፤ እሱን ከሰፈር ሱቅ አመጣለሁ።