ወክ ከእማዬ ጋር፦ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ

እማዬን ሐኪሟ «በየቀኑ ተራመጂ» ካላት ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የእኔና የእሷ ሆኗል። መጀመሪያ የወሰድኳት ወዳጅነት ፓርክ ነበር። ፓርኩን እወደዋለሁ። ከተከፈተ ጀምሮ ልጆች ሳሩ ላይ ሲሯሯጡ፣ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ሳይ ደስ ይለኛል። እማዬ ግን ጥቂት እንደዞርን «ምነው ልጄ፣ እዚያው በእዚያው እኮ ነው የምንሽከረከረው» አለችኝ። እሷ ወክ ስትወጣ መድረሻ ትፈልጋለች፤ የምትሳለመው ደጅ፣ ሰላም የምትለው ሰው፣ «ይሄ የእነ እንትና ቤት ነበር» የምትልበት ግንብ። ስለዚህ መንገዱን ራሷ መረጠች፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነስቶ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ፣ በአራት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎ። ዛሬም በዚሁ ሄድን። የታዘብኩትን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጊዮርጊስ ግቢ ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመችና ዛፍ ሥር ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ከአጠገቧ አንዲት እናት መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወዲያ ማዶ አንድ ወጣት ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያጠናል። ጸበል የቀዳች ሴት ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ የሚል የለም። አዲስ አበባ ድሮ መናፈሻ አልነበራትም ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። መናፈሻዎቿ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢዎች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ከተማው በባሕር ዛፍ ሲወረር ጥዱና ወይራው ተከብሮ የቆየው በእነዚህ አጥሮች ውስጥ ነው። አንድ ድሃ ሰው ሳንቲም ሳይከፍል ጥላ ሥር የሚያርፍበት ቦታ ፈልጉ ብባል መጀመሪያ የምጠቁመው ወደዚህ ነው።

ጊዮርጊስ ደግሞ ጥላ ብቻ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ የታነጸ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንጻ ነው። ታቦቱ ዐድዋ መዝመቱን ሕፃን አዋቂው ይናገራል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚሁ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጥለውት ከነጻነት በኋላ ታድሷል። ይህን የእሳት ነገር ልብ ብዬ ይዤው ወጣሁ፤ መንገዳችን መጨረሻ ላይ ይመጣልና።

ከግቢው ወጥተን ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆምን። የንጉሡ ፈረስ ፊተኛ እግሮቹን አንስቶ እንደቆመ ነው። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሰሞን ቆመ፤ ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ጣሊያን ሲወጣ ሕዝቡ መልሶ አቆመው። ከጎኑ አሁን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተንጣሏል። እማዬ ትልቅነቱን እያየች «እሰይ፣ ይገባቸዋል» አለች። ከዚያ ዞር ስትል ግን ዝም አለች። በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። እሷ አቅጣጫ የምታውቀው በቤት ነው፤ ጫማ የተገዛላት እዚህ፣ የመጀመሪያዋን ኬክ የበላችው እዚያ። አሁን «እዚህ ጋ... አይ፣ እዚያ ጋ መሰለኝ» እያለች ጣቷ አየር ላይ ይንከራተታል። እናቴ በገዛ ሰፈሯ መንገድ ጠያቂ ስትሆን ማየት አንጀቴን በላው።

እውነቱን ለመናገር የኮሪደር ልማቱ የሠራውን እግረኛ መንገድ አመሰግናለሁ። ለእናቴ ጉልበት ሰፊና ደልዳላ መንገድ ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ በተከፈተ ቱቦና በተቦረቦረ ጠርዝ መሀል እጇን ይዤ ነበር የማሻግራት። ቢሆንም ሰፊ መንገድ ተሠርቶ በመንገዱ ዳር ታሪክ የሚናገር ቤት ካልቀረ፣ እግረኛው ምን እያየ ይሂድ? የፈረሰውን መመለስ አይቻልም። የነበረበትን ቦታ የሚያመለክት፣ የቤቱን ሥዕልና የሰፈሩን ስም የያዘ ትንሽ ሰሌዳ ማቆም ግን ይቻላል። ዶሮ ማነቂያ፣ ውቤ በረሃ፣ ሰራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ... ልጆቼ እነዚህን ስሞች በታሪክ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ቆመው እንዲያነቧቸው እመኛለሁ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስንወርድ የእማዬ ወሬ ይፈታል። አርመን ሰፈር በዚህ በኩል ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም አይተዋቸው፣ ሙዚቃቸውን ወደው ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ ልጆች የአገሪቱ የመጀመሪያ ኦፊሴላዊ የሙዚቃ ጓድ ሆነዋል፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደርሷል። እማዬ ስለ መዝሙሩ ግድ የላትም። እሷ የምታስታውሰው ሰገነት ላይ አበባ የምታጠጣ አንዲት አርመን አሮጊት ነች፤ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ በመሐረብ ጠቅልላ ትጥል ነበር። «አንድ ቀን ለእኔ ሁለት ደረሰኝ» አለች፤ ይህን ስትል ፊቷ የልጅ ፊት ሆነ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወደ ወንዙ አየን። የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦ ሥር ተነስተው ወደ አቃቂ የሚወርዱ ናቸው፤ ዳርና ዳራቸውን 56 ኪሎ ሜትር አልምቶ መራመጃ የማድረግ ዕቅድ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ዕቅድ እስከ መጨረሻው ቢደርስ ከፓርኮቹ ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቱም ወንዝ አንድ ቦታ አይታጠርም፤ ከሀብታሙም ከድሃውም ሰፈር ጀርባ ያልፋል።

አራት ኪሎ ለወሬ የሚመች እንጂ ለመቆም የሚመች አይደለም። የሚያዝያ 27 ሐውልትን ዞረን፣ ማኪያቶ ጠጥተን፣ ወደ ላይ ቀጠልን። አምስት ኪሎ ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም ሳንገባ አለፍነው፤ እማዬ «ሌላ ቀን ትጠብቀናለች» አለች።

ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ዘንድ ሁልጊዜ የምናደርገውን አደረግን፤ ወደ ነሐስ ቅርጾቹ ቀረብን። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚያየው ሰው ረጅሙን ነጭ ዓምድ ብቻ ነው የሚያየው። ዙሪያውን የተቀረጸውን ለማየት ቀርቦ መቆም ያስፈልጋል፤ የወደቀ ሰው ላይ የወደቀ ሰው፣ እጃቸውን የዘረጉ ሴቶች። እማዬ መዳፏን አንዱ ላይ አሳረፈች። «አባባ እዚህ ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር፤ ምንም አይናገርም። እኛም አንጠይቀውም» አለች። አያቴ በዚያ ዘመን ልጅ ነበሩ።

ማዶ የዩኒቨርሲቲው በር አለ። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው ታረደ፣ ቤቱ ነደደ፣ ጠዋት የተቀመጥንበት ጊዮርጊስም ተቃጠለ። ቦምቡ የፈነዳበት ግቢ፣ የሰማዕታቱ ሐውልት፣ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን፤ ሦስቱም በአንድ ጠዋት፣ በአንዲት እናት እርምጃ ይደረስባቸዋል። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወስጄበታለሁ። መሬቱን በእግሬ እስክለካው ድረስ ግን ምን ያህል ቅርብ ለቅርብ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የከተማው አስተማሪዎች ሁሉ ተማሪዎቻቸውን በዚህ መስመር በእግር ቢወስዷቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ፊታችንን ወደ ጃንሜዳ አቅጣጫ አዙረን ተቀመጥን። እማዬ ለካ መንገዱን የመረጠችው ዝም ብላ አይደለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በከተራ ታቦት አጅባ የወረደችበት ነው። በጥር 10 ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ዙሪያ ያሉት ታቦታት ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ አስፋልቱ ለአንድ ቀን የእግረኛ ይሆናል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ የሰፈር ልጆች ምንጣፍ እያነሱ ይዘረጋሉ፣ ውሃ የሚያድል አይጠፋም። ሽማግሌ ቢደክመው ወንበር ይወጣለታል። እኔ ለዚህች ከተማ የምመኘው የእግር መንገድ እንደዚያ ቀን ያለ ነው፤ ጥላ ያለው፣ በየተወሰነ ርቀት መቀመጫ ያለው፣ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ የማይጠፋበት፣ ከአንዱ መናፈሻ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ የሚያደርስ። ዛሬ ከጊዮርጊስ ከወጣን በኋላ እማዬን በነጻ የማሳርፍበት ጥላ ስፈልግ ብዙ ተቸግሬያለሁ፤ ማኪያቶው እንኳ ለመቀመጫው ብለን የከፈልነው ነው። በአጥር ውስጥ ያማረ ፓርክ አለን። በአንዱና በሌላው መሀል ያለው መንገድ ላይ ዛፍ መትከል ነው የቀረን።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ክርክር ላይ ነን። እኔ በታክሲ እስከ እንጦጦ ፓርክ ወጥተን እዚያው ደኑ ውስጥ እንድንራመድ እፈልጋለሁ፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ዳገቱ ለልቧ ያስፈራኛል። እሷ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ በእግር ካልሆነ አልወጣም ብላለች። «እናቶች እንጨት ተሸክመው በሚወርዱበት ዳገት እኔ ባዶ እጄን መውጣት ያቅተኛል?» ነው የምትለው። ሐኪሟን ጠይቄ እሺ ካለ በሽሮ ሜዳ እንወጣለን፤ ሸማኔዎቹን እያየን፣ ቀስ እያልን፣ እስከ እንጦጦ ማርያም።