የትኛው ክትባት ነበር?

ያኔ የምሸጠው የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ሙቀት ቀንና ሌሊት የሚከታተል መሣሪያ ነበር። ፍሪጁ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለበት። ከዚያ ከወጣ መሣሪያው ይጮኻል፣ ለኃላፊው ስልክም መልእክት ይልካል። የሌሊቱንም ሁሉ መዝግቦ ይይዛል።

መጀመሪያ ላይ ፕረዘንቴሽኔ 34 ስላይድ ነበረው። የሰንሰሩ ትክክለኛነት፣ የባትሪው ዕድሜ፣ ዋስትናው፣ ግራፍ በግራፍ። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ያዳምጡኛል። አሥረኛው ስላይድ ላይ ስደርስ ግን ግማሾቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ስጨርስ «እናስብበትና እንደውላለን» ይሉኛል። አይደውሉም።

አንድ ቀን አለቃዬ አብሮኝ ገባ። ስንወጣ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ቁጥሩን ተወው፣ ታሪክ ንገራቸው።»

ነገሩን ከልቤ ያዝኩት። ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ባወርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አሥር አሥር ቃላት ያሉባቸው 12 ዝርዝሮች ሰጡ። ግማሾቹ ቃላቱን እያያያዙ ታሪክ እየሠሩ አጠኑ። ሌሎቹ እንደፈለጉ አጠኑ። በመጨረሻ ሁሉንም ዝርዝር እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ታሪክ የሠሩት 93 በመቶውን አስታወሱ። የሌሎቹ 13 በመቶ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ግራፎቹን ሁሉ አወጣኋቸው። ዛሬ ሳስበው ስህተቱ የጀመረው እዚያ ነው። ታሪክ እንደሚያዝ ገብቶኛል። ውሸትም በዚያው ልክ እንደሚያዝ አላሰብኩም።

የምነግረው ታሪክ የራሴ አልነበረም። ከድርጅታችን ቴክኒሻኖች አንዱ ምሳ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያወራው ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የፍሪጁ ማስተካከያ በስህተት ተነክቶ ሌሊቱን በጣም ቀዘቀዘ። ጠዋት ሲከፈት ክትባቱ በረዶ ሆኗል፤ ተጣለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ጨመርኩበት። ሕፃን ያዘለች፣ ከሩቅ በእግሯ የመጣች እናት አስገባሁ። በሩ ላይ «ክትባት የለም» ተብላ ስትመለስ ይታያል። ክትባቱንም የፖሊዮ ጠብታ አደረግኩት። የፖሊዮ ጠብታን የማያውቅ ሰው የለም ብዬ ነው። አራት ቦታ ነገርኩት። አራቱም ቦታ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለቱ ገዙ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አምስተኛው ቦታ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የፋርማሲ ኃላፊዋ አሉ፤ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ታሪኬን ጀመርኩ። እናቲቱ ዞራ ስትሄድ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ስጨርስ ኃላፊዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይቅርታ ልጄ፣ የትኛው ክትባት ነው በረዶ ሆነ ያልከው?»

«የፖሊዮ ጠብታ።»

«በአፍ የሚሰጠው?»

«አዎ።»

«እሱን እኮ በረዶ አያበላሸውም። ትልልቆቹ መጋዘኖች ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የሱ ጠላት ሙቀት ነው። በረዶ የሚያበላሸው ሄፓታይተስ ቢን፣ ቴታነስን የመሳሰሉትን ነው።»

ማንም አልተናገረም። የፋይናንስ ኃላፊው ፊቱ ያለውን ፋይል ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሴትየዋ ግን አልጨረሱም። «እናቲቱንስ አግኝተሃታል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የሆነ ነገር ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አልሆነልኝም። «የለችም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጨመርኳት። የፖሊዮውንም እኔ ነኝ። ፍሪጁና የተጣለው ክትባት ብቻ ነው እውነቱ።»

ላፕቶፔን መዝጋት ጀመርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፦ «እርስዎ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ነገሩን። ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ነው የነገሩን።

ሰኞ ጠዋት ነው። ፍሪጁን ሲከፍቱ ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪ ያሳያል። ሁሉም ደህና ነው። ነገር ግን ከኋላ ግድግዳው ጋር የተጠጋው ካርቶን እርጥብ ነው፤ ቀዝቅዞ የቀለጠ ይመስላል። ተጠራጠሩ። ከዚያው ክትባት፣ ከዚያው ምርት ቁጥር አንድ ብልቃጥ ወስደው ሆን ብለው በረዶ አደረጉት። ከቀለጠ በኋላ ከተጠረጠረው ጋር በአንድ እጅ ይዘው ናጧቸው። ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቆሟቸው። ደህና ክትባት ቶሎ አይዘቅጥም፤ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ግን ደለሉ ፈጥኖ ይወርዳል። ተቀምጠው ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት።

«ሁለቱም እኩል ዘቀጡ» አሉ። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረጉ፣ ብልቃጦቹ ዛሬም እዚያ የቆሙ ይመስል። «ያለውን ሁሉ አስወገድኩ። ግን ፍሪጁ የቀዘቀዘው በየትኛው ሌሊት ነው? ቴርሞሜትሩ የሚነግረኝ የጠዋቱን ብቻ ነው። ዓርብ ዕለት ለልጆቹ የሰጠነው ደህና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

የፋይናንስ ኃላፊው ቀና አለ። «ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ሪፖርት አድርጌያለሁ። የተወገደ ብዛት በሚለው ሥር ቁጥሩ አለ።»

እንደዚያ ያለ ዝምታ እኔ በነገርኩባቸው ቦታዎች አይቼ አላውቅም። የኔ ጸጥታ ሌላ ነበር። ሰዎች ጥሩ ተራኪ ሲያዳምጡ የሚሆነው ዓይነት ነው። ይህኛው ግን ዘጠኙም የራሳቸውን ቤት እያዩ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ ላስረዳ አላስፈለገኝም። እሳቸው «ሌሊቱን ይመዘግባል?» አሉ፤ «ይመዘግባል» አልኩ። ያወጣኋቸውን ግራፎች ያን ጊዜ ፈለግኳቸው። ስለ ሰንሰሩ ትክክለኛነት ጠየቁኝ፣ ስለ ባትሪው ጠየቁኝ፣ እያንዳንዱን መልስ ጻፉ። ቁጥር የሚሰለቸው ጥያቄው ሳይመጣ ሲቀድም ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚያን ቀን አልገዙም። በሁለት ፍሪጅ ላይ ለሙከራ እንድናስገባ ፈቀዱ። ኃላፊዋ ሰንሰሩ ከኋላ ግድግዳው አጠገብ ካልተቀመጠ አይሆንም አሉ፤ ትክክል ነበሩ።

ከወራት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ስገባ አንድ ፋርማሲስት ስሜን ሰምቶ «የፖሊዮ ጠብታ በረዶ ሆኖ ተበላሸ ያልከው አንተ ነህ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም፤ «እናንተስ ጋ?» ብዬ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ።

ኃላፊዋ ያረሙኝ ቀን ግን ከሆስፒታሉ እንደወጣሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ለቴክኒሻናችን መደወል ነው። «ያ ምሳ ላይ የነገርከን ፍሪጅ፣ የትኛው ክትባት ነበር?» አልኩት።

«ሄፓታይተስ ቢ» አለኝ። ቀጥሎ ጥቂት ዝም አለ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል አዳመጥኩት።