ሠላሳ ሁለት ሜትር የፍሬን ምልክት

ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የአንድ የቆሎ ነጋዴ ወጣት እግር ተሰበረ። የሚኒባሱ ባለቤት «አዳልጦት በራሱ ወደቀ እንጂ መኪናው አልነካውም» ብሎ ተከራከረ። የመኪና መሐንዲስ ነኝና የተጎጂው ጠበቃ የባለሙያ አስተያየት እንድሰጥ ጠየቀኝ።

የጀመርሁት ከፍጥነቱ ነው፤ የተሳሳትሁትም እዚያው ላይ ነው። በትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ላይ የፍሬን ምልክቱ 32 ሜትር ነው። የሰበቃውን መጠን፣ ማለትም ጎማው መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዝበትን ልክ፣ እንደ ደረቅ አስፋልት 0.7 ብዬ ሳሰላ ፍጥነቱ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጠበቃው በጣም ደስ አለው።

ከቀናት በኋላ ስፍራው ድረስ ሄድሁ። አንድ ሜትር የሆነ የግንበኛ ውሃ ልክ አስፋልቱ ላይ አስተካክዬ ስይዝ የቁልቁል ጫፉ ከመሬት 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ተዳፋቱ 7 በመቶ ነው ማለት ነው። ቁልቁለት ከፍሬን ጉልበት ላይ ይወስዳልና ይህ ከሰበቃው ይቀነሳል። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት ደግሞ «ያን ዕለት ካፊያ ነበር፣ ልጄ፤ ቆሎዬን በላስቲክ ሸፍኜ ነው የዋልሁት» አሉኝ። እርጥቡን 0.45 አድርጌ፣ ተዳፋቱን ቀንሼ በ0.38 እንደገና ሳሰላ 75 የነበረው ወደ 56 ወረደ። በእርጥብ አስፋልት ላይ ምልክት ቶሎ ይጠፋል፤ ፖሊሱ ወዲያው ደርሶ ባይለካ ኖሮ ይህም ባልተገኘ ነበር።

ጠበቃው ቅር አለው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤትን ተጠያቂ የሚያደርገው ፈጥኖ ስለ ነዳ አይደለም፤ መኪናው ጉዳት ስላደረሰ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «መታው ወይስ ወደቀ?» የሚለው ነበር። ይህን አስቀድሜ ባስተውል ኖሮ ሁለት ሳምንት በፍጥነት ስሌት ላይ አላጠፋም ነበር።

መልሱ ራጁ ላይ ተገኘ። ሁለቱም የቅልጥም አጥንቶች ከተረከዝ 36 ሳንቲ ሜትር ላይ አግድም ተሰብረዋል። ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ እግር ተጠማዝዞ ሲወደቅ ስብራቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብሎን ጥርስ ይዞራል፤ አግድም ስብራት ግን የቀጥታ ምት ምልክት ነው። የቆመው ሚኒባስ የፓራውልት ታችኛው ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር ነበርና መጀመሪያ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አሽከርካሪው በኃይል ፍሬን እንዲይዝ አድርጌ በቪዲዮ ስቀርጸው አፍንጫው 5 ሳንቲ ሜትር አጎነበሰ፤ ጠርዙም 35 ላይ ደረሰ።

ዳኛዋ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት፤ ስለ ፍጥነቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።