የቡልጉክሳ መሠረትና የአንኮበር ግድግዳ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ያለችው ግዮንግጁ ከተማ ስትገቡ ቀድሞ የሚቀበላችሁ መቃብር ነው። ሣር የለበሱ ትልልቅ የአፈር ጉብታዎች ከካፌና ከሱቅ ጎን፣ ታኅሣሥ ላይ መንዝ እንደሚታይ የገብስ ክምር ቆመዋል። የሺላ ነገሥታትና መሳፍንት ያረፉባቸው ናቸው። ሺላ በ935 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እስኪያበቃ ወደ አንድ ሺህ ዓመት የቆየ መንግሥት ነው፤ ግዮንግጁም መናገሻው ነበረች። ቾንማቾንግ የሚባለው መቃብር በ1973 ተቆፍሮ የወርቅ ዘውድ ወጥቶበታል። ዛሬ ውስጡ ተገብቶ ይታያል። ከአጥሩ ውጭ ሰው ይኖራል፣ ልጆች በሳይክል ያልፋሉ፣ ቡና ይጠጣል።

ዩኒቨርሲቲያችን የውጭ ተማሪዎችን ለአንድ አዳር ነው የወሰደን። ማታ ዎልጂ ሄድን። ንጉሥ ሙንሙ በ674 ያሠራው ኩሬ ነው። መብራቱ ውኃው ላይ ሲያርፍ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ያምራል፤ እኔን ግን ብዙም አልያዘኝም። ይልቅ የገረመኝ በ1970ዎቹ ኩሬው ሲጸዳ ከጭቃው ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች መገኘታቸው ነው፤ ማንኪያና መቀስ ሳይቀር።

ያደርነው ሃኖክ በሚሉት ባህላዊ ቤት ነው። አልጋ የለም፤ ፍራሹ ወለል ላይ ይነጠፋል፣ ወለሉ ደግሞ ከሥሩ ይሞቃል። ድሮ የምድጃው እሳትና ጭስ ከወለሉ ሥር በድንጋይ ቦይ እያለፈ ድንጋዩን ያግለው ነበር። አሁን በቧንቧ ሙቅ ውኃ ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል! እዚያው ተጋድሜ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ አንኮበር ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ግንበኛ ነው። ነገሩን ገና ሳልጨርስ፣ "ጭሱስ በየት ይወጣል?" አለኝ። በወዲያኛው በኩል ባለ ጭስ ማውጫ እንደሆነ ነገርኩት። ዝም ብሎ አሰበና "ይሠራል" አለ።

በነጋታው ቡልጉክሳ። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው፤ ግንባታው በ751 ተጀመረ። በ1593 የጃፓን ወራሪ ጦር አቃጠለው። እንጨቱ ነደደ፣ ድንጋዩ ቀረ። አስጎብኚያችን ስለ ጣሪያው ቀለም ስታስረዳ እኔ መሠረቱ ጋ ቀረሁ። የታችኛው ረድፍ ያልተጠረበ አለት ነው። ከላዩ ያረፈው ድንጋይ ሆዱ የአለቱን ጉብጠትና ስርጉደት እየተከተለ ተጠርቧል። አለቱን አልነኩትም፤ የላይኛውን ነው ለእሱ ያበጁት። ሲቪል ምህንድስና እየተማርኩ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ፎቶውን ለአባቴ ላክሁለት። "ይሄ የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም" ብሎ መለሰልኝ።

ዋናው አዳራሽ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው የታደሰው። ጠፍተው የነበሩት ሌሎች ቤቶች ግን የተመለሱት ከ1969 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ቆፈሩ። የትኛው ቤት የት እንደቆመ ከመሠረቱ ድንጋይ አነበቡ። ከዚያ በኋላ ሠሩ። በ1995 ቡልጉክሳ የቡድሃ ሐውልት ካለበት ከሶክጉራም ዋሻ ጋር በዩኔስኮ ተመዘገበ።

ያን መሠረት እያየሁ ልቤ አንኮበር ሄደ። የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መናገሻ! ከቤተ መንግሥቱ የተረፈው ኮረብታው ላይ ያለው የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ "ፈርሷል፣ ምንም የለም" እንላለን። እንዴት ምንም የለም? ግድግዳ ካለ ከሥሩ መሠረት አለ፤ መሠረቱ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ቤተ መንግሥቱን እንደነበረው እንሥራው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ አይመስለኝም። መጀመሪያ ያለው ይለካ፣ ይሳል፣ በባለሙያ ይቆፈር። እስከዚያው ማንም ከዚያ ኮረብታ አንዲት ድንጋይ አያንሳ።

ለእረፍት ስመጣ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ለክቼ መሳል እፈልጋለሁ። አባቴ ኖራውን አይልኛለሁ ብሏል። አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ አልዩ አምባ ያላችሁ፦ የኮረብታው የድሮ ፎቶ ቤታችሁ ካለ ከቤት ማውጣት አያስፈልግም፤ እኔው መጥቼ በስልኬ አነሳዋለሁ። አያቶቻችሁ ግቢው ውስጥ ያገለገሉ ከሆነም እልፍኙ በየት በኩል፣ ግብር ቤቱ የት እንደነበር ሲያወሩ የሰማችሁትን ንገሩኝ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትንም ቢሆን።