በዜኒትና በኔስካፌ ፎቶ ማንሳት

በፊልም ካሜራ እንደማነሳ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የት ታሳጥባለህ?» መልሱ አጭር ነው። ቤቴ፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ማታ ማታ። ቀጥሎ «ለምን?» ይመጣል። ለዚህኛው አጭር መልስ የለኝም። እንዴት እንደሆነ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ካሜራዋ የአጎቴ ናት። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተልኮ የተማረ ሰው ነው፤ ሲመለስ ዜኒት ይዞ መጣ። ዜኒት-ኢ ትባላለች። ከባድ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ካዋሏት ማታ ታስታውሳለች። ፊት ለፊቷ ላይ የሞስኮ ኦሎምፒክ ምልክት አለ። ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣበት ያ የ1972 ዓ.ም. ኦሎምፒክ ነው። አጎቴ ካሜራዋን ሲሰጠኝ ስለ ሌንሱ ምንም አልነገረኝም። ስለ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ግን ቡናው እስኪቀዘቅዝ አወራኝ።

ዜኒት ባትሪ አትፈልግም። ከሌንሱ በላይ ያለው የብርሃን መለኪያ በሴሊኒየም ይሠራል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ሴሊኒየም ግን ያረጃል። የእኔዋ መርፌ ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም ቦታዋን አትለቅም። ስለዚህ ብርሃንን በዓይን መገመት ግድ ሆነ። ደግነቱ ደንቡ ቀላል ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርግ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ፍጥነቱን ለብርሃን ያለውን ስሜት ከሚናገረው የፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርብ። 400 ፊልም ከሆነ 1/500 ማለት ነው። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ 8። በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር 5.6።

ዜኒት ደግሞ ሰፊ ምርጫ አትሰጥም። ፍጥነቷ ከ1/500 እስከ 1/30 ነው። ሄሊዮስ የተባለው ሌንሷ ከ2 እስከ 16 ይሄዳል። በ400 ፊልም የአዲስ አበባ ቀትር ላይ ከወጣህ ጣሪያው ላይ ደርሰሃል፤ ከዚያ በላይ መዝጋት አይቻልም። በመመልከቻዋ የሚታየውም ከሚነሳው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ያልጠራኸው የመብራት ምሰሶ ጫፍ ላይ ገብቶ ታገኘዋለህ። አንድ እርምጃ መጠጋት የለመድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ፊት ላይ ሲደርስ ግን ያ ደንብ ብቻውን አያዛልቅም። ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጥር 11 ጃንሜዳን አስቡ። ነጭ በነጭ የሆነ ሕዝብ፣ አናት ላይ የቆመች ፀሐይ፣ ከነጠላው ሥር ቡናማ ፊት፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የነጠላው ጥላ። ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጭናችሁ ወደዚያ ብታዞሩት ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል፣ ዝጋ» ይላችኋል። መለኪያ ምስኪን ነው፤ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል። እሱን ከሰማችሁ ነጠላው ከነጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ባለቤቱ ግን ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል።

መለካት ያለበት ፊቱ ነው። ሰውየው ጋ መጠጋት ካልቻልኩ የእጄን ጀርባ እሱ ባለበት ዓይነት ብርሃን ላይ አድርጌ በስልኬ እለካለሁ። ቆዳችን ተቀራራቢ ስለሆነ ይሠራል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ አፑ መጀመሪያ ካለው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፈት ያለ ይሆናል። ነጠላው ይቃጠላል ብላችሁ አትስጉ። ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፤ የማይምረው ሲያንሰው ነው። ጥላው ውስጥ ያልተቀረጸን ነገር በኋላ ማንም አያመጣውም። በጣም የሚያንጸባርቅ ቀን ከሆነ ደግሞ ፊልሙ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ከአምስት አንድ እጅ ያህል እቀንሳለሁ፤ ነጩ ይረጋጋል። እንግዲህ ፊት የምታነሱ ከሆነ ያ የ1/500 ጣሪያ ብዙ አያሳስብም። መንገዱ ሁልጊዜ ወደ መክፈት ነው። ደግሞም ምርጫ ካላችሁ በቀትር አትውጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ዓይን ከቅንድብ ሥር ብቅ ይላል።

ፊልሙን የምታመጣልኝ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ለዚህ ሁሉ ውለታዋ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናት።

«ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ አደራ።»

«ምን ልዩነት አለው? ያው ፍተሻ ነው።»

«በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። ስትፈተሺ በእጅ እዩልኝ በያቸው።»

ልዩነትማ አለው። ወደ ጭነት የሚገባ ሻንጣ የሚፈተሽበት ኤክስሬይ ኃይለኛ ነው፤ ያልታጠበ ፊልም ላይ ጉም ያለብሳል። በድሮው የእጅ ቦርሳ ማሽን 400 ፊልም ጥቂት ጊዜ ቢያልፍ አይጎዳም። አሁን በየአገሩ እየተተከሉ ያሉት ሲቲ የሚባሉት ማሽኖች ግን ለእጅ ቦርሳም ቢሆን አደገኛ ናቸው። ስለዚህ ፊልሙ ከካርቶኑ ወጥቶ በሚያሳይ ፌስታል ይታሰራል። ለፈታሹ ቶሎ እንዲገባው።

በነጠላ በነጠላ የታሸገ ፊልም መግዛትም ትቻለሁ። ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ረጅም ጥቅልል በአንድ ቆርቆሮ ይሸጣል። ከሱ ባለ 36 ፎቶ ፊልም ወደ 18 ያህል ይወጣል። ባዶ ቀፎ አስቀምጦ ራስ መሙላት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ለእንግዳዋ የእጅ ቦርሳም ቦታ ይተርፋል።

ማጠቡ ብዙዎች የሚፈሩት ክፍል ነው። ብቸኛው አስቸጋሪ ነገር ፊልሙን በድፍን ጨለማ ሪል በሚባለው ጠመዝማዛ መያዣ ላይ መጠቅለል ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ግን ፎጣ በሩ ሥር ወትፌ ሥራዬን እጀምራለሁ። ጨለማውን ለመፈተን አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እጃችሁ ከታያችሁ ገና ነው። የማያስፈልግ ፊልም ይዞ መጀመሪያ በብርሃን፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ መለማመድ ይበጃል። ፊልሙ ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ታንክ ውስጥ ገብቶ ከተከደነ በኋላ ቀሪው ሁሉ መብራት አብርቶ የሚሠራ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምር ስኮት ዊሊያምስ የተባለ ኬሚስት ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ፊልም በቡና እንደሚታጠብ አሳየ። ሮቸስተር የኮዳክ ከተማ መሆኗ ነገሩን ያሳምረዋል። ካፌኖል ይሉታል። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ዋሺንግ ሶዳ፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ኔስካፌ። ለ400 ፊልም 10 ግራም አዮዲን ያለው ጨው ይጨመራል፤ አለበለዚያ ፊልሙ ይጨልማል። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል። ዋሺንግ ሶዳ ካጣችሁ ቤኪንግ ሶዳ መጥበሻ ላይ በደንብ አግሉት፤ ውሃውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አውጥቶ ራሱ ይሆንላችኋል። ክብደቱ ከሲሶ በላይ ስለሚቀንስ 54 ግራም ለማግኘት 86 ግራም ያህል ይዛችሁ ጀምሩ።

የሚያስቀው ግን ይኼ ነው። የይርጋጨፌ ቡና እዚህ ጋ ዋጋ የለውም። ሥራውን የሚሠራው ካፌይን ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያሉት አሲዶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በሮቡስታ ይበዛሉ። ርካሽና መራራ የሆነው የቆርቆሮ ቡና ያሸንፋል። የአረቢካ አገር ሰው ሆኖ ይህን መቀበል ይከብዳል። ሽታውን አልነግራችሁም። እናቴ አንዴ በሩን ከፍታ «ቡና ለሰው እንጂ ለፊልም ይፈላል እንዴ?» ብላ ዘግታዋለች።

ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ፊክሰሩ፣ ግን ከወጥ ቤት አይገኝም፤ መግዛት ነው። ቀጥሎ ውሃ። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ መጻሕፍቱ ደግሞ ፊልሙን በሚፈስ ቧንቧ ሥር አቆዩት ይላሉ። የማን ቧንቧ! ያዳነኝ የኢልፎርድ ኩባንያ ዘዴ ነው። ታንኩን ሙላ፣ አምስት ጊዜ ገልብጥ፣ ድፋ። እንደገና ሙላ፣ አሥር ጊዜ። በመጨረሻ ሃያ ጊዜ። አንድ ሊትር ገደማ፣ አንድ ሀይላንድ ሙሉ ማለት ነው። ፊልሙን በማያጠጥር ፈጣን ፊክሰር ከተሠራ ይህ ይበቃል። ማለቂያው ላይ ዲስቲልድ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ካገኘ ነጠብጣብ አይዝም። ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ ይደርቃል። በበጋ አቧራው መከራ ስለሆነ አስቀድሜ ሙቅ ውሃ ለቅቄ ክፍሉን በእንፋሎት እሞላዋለሁ።

ስካነር የለኝም። ታብሌት ላይ ነጭ ገጽ ከፍቼ፣ ኔጋቲቩን ከስክሪኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በስልኬ አነሳዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ካስተኛችሁት የስክሪኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አብረው ይነሳሉ። ከዚያ አፕ ላይ ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር መገልበጥ ብቻ ነው። ጥሩ የወጣውን ተራ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳትማለሁ።

ማሳተሙ ደግሞ አማራጭ የለውም። ያነሳኸው ሰው ወዲያው «እስቲ አሳየኝ» ይላል። የካሜራዋን ጀርባ አዙሬ ሳሳየው ስክሪን የለም። ወጣቶቹ የማሾፍ ይመስላቸዋል። ትልልቆቹ ይገባቸዋል፤ እነሱ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው፣ አይረሱም። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ጋሼ ስዘገይባቸው «ፊልሙ ተቃጠለ እንዴ?» እያሉ ነው የሚጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ማንን የት እንዳነሳሁ በማስታወሻ እይዛለሁ፤ ወረቀቱን ሳልሰጥ በዚያ መንገድ አላልፍም።

ካሜራ ልግዛ የሚሉኝን ስማቸው የገነነውን ትንንሽ ካሜራዎች እርሷቸው እላለሁ፤ ኤሌክትሮኒክሳቸው ከሞተ የሚጠግናቸው የለም። ከገንዘባችሁ በፊት ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ቁም ሳጥን አናት ላይ ያለች ዜኒት አትጠፋም። አንድ ዓይነት ፊልም፣ አንድ ዓይነት ዴቨሎፐር ያዙ፤ ሁለቱንም በየጊዜው ከቀያየራችሁ ምኑ ምን እንዳደረገ አታውቁም።

ከለር? እሱን አልገባበትም። የከለር ዴቨሎፐር 38 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለመዋዠቅ መቆየት አለበት፤ መብራቱም ውሃውም እንደፈለገ በሚሄድበት ቤት ይህ ራስን ማስጨነቅ ነው። ታሪኩም ብዙ አያስቆጭም። ኮዳክ ለዓመታት ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የቆዳ ቀለም ማስተካከያ አድርጎ የሚልከው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የጥቁር ሰው ፊት እንዴት ይወጣል የሚለው ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከለር ለስልኬ ትቼዋለሁ።