ቁስቋም ግርጌ የቆመው መኪና

በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደ ጎንደር የሄድኩት ግንብ ለመጎብኘት ሳይሆን፣ አራት ዓመት ሙሉ ቆሞ የከረመ የናፍጣ መኪና አስነስቼ ባሕር ዳር ላለ ደላላ ለማድረስ ነበር። መኪናው የአክስቴ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲነዱት የኖሩት ባለ 6 ሲሊንደር ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ እሳቸው ከታመሙ ጀምሮ ወደ ቁስቋም በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለው ግቢ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ካረፉ በኋላም የነካው ሰው አልነበረም። አክስቴ ለመሸጥ ሲያስቡ አንድ ባለሙያ አስጠርተው አሳይተውት ነበር። ሰውዬው ባትሪ አውሶ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ካስዞረ በኋላ ኮፈኑን ዘጋና “ፖምፓው ሄዷል፣ ወርዶ አዲስ አበባ መሠራት አለበት” ብሎ የዋጋ ግምት ትቶላቸው ሄደ። ግምቱን በስልክ ሲነግሩኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ፣ በናፍጣ መኪና ላይ በጣም ውድ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ፣ ያለ ምንም ልኬት እንዲወርድ ተፈርዶበት ነበር።

እኔ የጋራዥ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የውኃ ጉድጓድ ጄኔሬተሮችን ስከታተል ብዙ ዓመት ስለኖርኩ፣ ናፍጣ ሞተር አልነሳም ሲል የሚጠየቀው ጥያቄ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ በሚፈነጥቀው እሳት ይነሳል፤ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ አጥብቆ ያምቃል፣ በዚህ መኪና ውስጥም አየሩ ከ22 እጥፍ በላይ ይታመቅና ከመታመቁ የተነሣ ይግላል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ በበቂ ፍጥነት ከዞረ፣ ንጹሕ ናፍጣ ከደረሰው፣ አየሩም ከጋለ የማይነሳበት ምክንያት እምብዛም የለም። ከሦስቱ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዕቃ ማውረድ ግን፣ ራሱን ላመመው ሰው ጥርሱን እንደ መንቀል ነው።

ወደ ጎንደር የበረርኩት በሻንጣዬ ውስጥ ቮልት መለኪያ መልቲሜትር፣ አንድ የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮና ሁለት ሜትር ያህል ውስጡ የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ይዤ ነበር። በፍተሻው ላይ የነበረችው ልጅ ቱቦውን አንሥታ “የታማሚ ነው?” ብላ ስትጠይቀኝ፣ እውነቱን ከማስረዳት “አዎን” ማለት ቀለለኝ። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በባጃጅ ወጥቼ ግቢው ስደርስ አክስቴ ቡና አፍልተው፣ ቁልፉንም ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። “እስቲ ሞክረው” አሉኝ። “ይቆዩኝ እትዬ፣ መጀመሪያ ልየው” ብዬ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ረጅም ጊዜ የቆመን ሞተር ሳያዩ ማዞር ያልተበላሸውንም እንደሚያበላሽ በገዛ ገንዘቤ የተማርኩት ነገር ስለሆነ ነው።

የአየር ፊልትሮውን ቤት ስከፍት አይጦች ከጭድና ከቁራጭ ጨርቅ የሠሩት ጎጆ እስከ አፉ ሞልቶት አገኘሁ፤ በዚያ ሁኔታ ሞተሩ ቢነሳ ኖሮ ጭዱን ወደ ሆዱ ይስበው ነበር። የሞተር ዘይቱ ጠቁሯል እንጂ ወተት አልመሰለም፣ ስለዚህ ውኃ አልገባበትም። ከዚያም በክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ ያለውን ብሎን በረጅም ቁልፍ ይዤ ሞተሩን በእጄ ቀስ እያልኩ ሁለት ዙር አዞርኩት፤ ዝገት ፒስተኖቹን ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቋቸው ቢሆን እዚያው ይቆምብኝ ነበር። በየመካከሉ የታመቀው አየር ቁልፉን ወደ ኋላ ሲገፋው በእጄ ተሰማኝና ደስ አለኝ። ቢያንስ ሞተሩ ጤነኛ ነው።

ባትሪው 12.6 ቮልት ማሳየት ሲገባው 4 እንኳ አልሞላም፤ እንዲህ የወረደ ባትሪ ቻርጅ ቢደረግም ወደ ነበረበት አይመለስም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖር የአይሱዙ ሾፌር ሊረዳን ፈቀደ፣ ሆኖም የእሱ መኪና ሁለት ባትሪ ተያይዞለት በ24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ አንዱን ብቻ ነቅለን አመጣን። ሞተሩ ዞረ፣ ነገር ግን እንደ ደከመ በሬ እየተጎተተ ነበር። ባትሪው ደኅና መሆኑን ስለማውቅ መልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በራሱ በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ የአክስቴ የልጅ ልጅ ቁልፉን እንዲያዞር አደረግኩ፤ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የሌለበት ከ2 በላይ አሳየ። መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ጫፉ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ኖሯል። በሽቦ ብሩሽ ፍቄ፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ጠርጌ መልሼ ሳስረው ሞተሩን የሚያስዞረው ሞተሪኖ ድምፁ ተለወጠ። ያ የመጀመሪያው ባለሙያ የሰማው የተጎተተ ድምፅ ምናልባት ይኸው ነው።

አሁንም ግን አልነሳም። ልጁን ከኋላ አቁሜ የጭስ ማውጫውን እንዲያይ አዘዝኩት፤ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል ከ10 ሰከንድ በላይ ሳላስዞር እያሳረፍኩ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። “ምንም አይወጣም” አለኝ። ይህች አጭር መልስ ለእኔ ከማንኛውም ልኬት ትበልጥ ነበር፤ ነጭ ጭስ ቢወጣ ኖሮ ናፍጣው ደርሶ መቃጠል አልቻለም ማለት ስለሆነ ፊቴን ሲሊንደሩን ቀድሞ ወደሚያሞቀው ካንዴሌታና ወደ እመቃው አዞር ነበር፣ ጭስ ጨርሶ ከሌለ ግን ናፍጣው ሲሊንደሩ ዘንድ አልደረሰም። ሞተሩን ሳላስዞር ቁልፉን ብቻ ከፍቼ ጆሮዬን ወደ ፖምፓው ሳስጠጋ፣ ናፍጣውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ “ቀጭ” ሲል ሰማሁ፤ ስለዚህ በሩ ተከፍቷል፣ የሚገባ ነገር ግን የለም።

በዚህ መካከል የተሰበሰቡት የሠፈር ወጣቶች በቤንዚን የራሰ ጨርቅ በአየር ማስገቢያው ላይ እንዳደርግ ይወተውቱኝ ጀመር። ሲሠራ አይተዋል፣ አልዋሹም። ነገር ግን ካንዴሌታ ያለው ሞተር የቤንዚን ትነት ሲገባበት ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ሊቀጣጠልና ፒስተኑን ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ደግሞም ናፍጣ ለማይደርሰው ሞተር ለአፍታ ከማንጎራጎር በቀር ምንም አይፈይድም። ጨርቁን ለእጄ መጥረጊያ ተቀበልኳቸው።

የናፍጣ ፊልትሮውን የታች መክፈቻ ፈትቼ የወጣውን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበልኩና በግንቡ አጥር ላይ፣ ፀሐይ በምታገኘው ቦታ አቆምኩት። ትንሽ ሲረጋ ለሦስት ተከፈለ፤ ከላይ ጠይም ናፍጣ፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውኃ፣ በሁለቱ ድንበር ላይ ደግሞ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ጥቁር ዝቃጭ። ሰልባትዮ፣ ማለትም የናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ ከግማሽ በታች ሆኖ ሲቆም በባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት እየቀዘቀዘ ጤዛ ይሠራል፣ ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ በውኃውና በናፍጣው መገናኛ ላይም ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። አክስቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና “ይኼን ነው አራት ዓመት ያጠጣነው?” አሉ። የሰልባትዮውን ሆድ በሙሉ አፈሰስን፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ 40 ሊትር አዲስ ናፍጣ ጨመርን።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ ባዶውን መስመር በናፍጣ መሙላት ነው፤ የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ደርቆ ከርሞ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሳበ እንደሚሞላው ማለት ነው፣ መስመሩ ሳይሞላ በዓል የለም። ፓምፗ መጀመሪያ ባዶ ኳስ እንደመጫን ትለሰልሳለች፣ ናፍጣው ሲሞላ ግን እየጠነከረች ሄዳ አውራ ጣትን እምቢ ትላለች። ቀጥዬም ናፍጣውን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሄዱትን የብረት ቧንቧዎች ጫፍ ለቀቅ አድርጌ አስዞርኩ፤ በመጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ጠብታ ወጣ። ፖምፓው እየገፋ ነው። ብሎኖቹን አጥብቄ፣ የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ በነጭ ጭስ ታጅቦ፣ መጀመሪያ በሦስት እግሩ እንደሚያነክስ፣ በኋላም በስድስቱም ተነሣ። አክስቴ እልል አሉ። ወጣቶቹም አጨበጨቡ፤ እኔም ራት ላይ ጥቂት ጉራ ነዛሁ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መኪናው አልነሳም አለ።

ለጉራዬ የተሰጠ መልስ መሰለኝ። በመጀመሪያ የወቀስኩት ብርዱን ነው፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ የሳሳና የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ሲታመቅም የሚደርስበት ግለት ያነሰ ነው፣ ካንዴሌታ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስድስቱን ካንዴሌታዎች የሚያገናኘውን ብረት ፈትቼ አንድ በአንድ ስለካቸው ሁለቱ ተቃጥለው ኖረዋል፤ በአራዳ አካባቢ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ገዝቼ ቀየርኳቸው። ነገር ግን ልቤ አልተቀበለውም፤ ልጁ ያን ጠዋትም “ጭስ የለም” ብሎኛልና። የእጅ ፓምፗን ብነካት እንደ መጀመሪያው ቀን ለስልሳ ነበር። መስመሩ በሌሊት ተመልሶ ባዶ ሆኗል።

የአይሱዙው ሾፌር አባት፣ በዘመናቸው በከባድ መኪና ሁመራ ሲመላለሱ የኖሩ ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው ሲመለከቱኝ ቆይተው ነበር። ከመኪናው ሥር ተኝቼ የናፍጣ ጠብታ ስፈልግ አዩና “ልጄ፣ እርጥቡን አትፈልግ፤ እዚያ ነገር አይፈስም” አሉኝ። “ታዲያ ወዴት ሄደ ጋሼ?” ብላቸው “ወደ መጣበት ነዋ” አሉ። ትክክል ነበሩ። በዚህ መኪና ላይ ናፍጣውን ከሰልባትዮ የሚስበው ፖምፓው ራሱ ከፊት ሆኖ ስለሆነ፣ በመካከል ያለ ቱቦ ቢሰነጠቅ ሞተሩ ሲዞር ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ በዚያችው ስንጥቅ አየር ሲገባ ናፍጣው ተለቆ ወደ ሰልባትዮ ይወርዳል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ደረቅና ንጹሕ ነው።

አየሩ ከየት እንደሚገባ ለመለየት ሁለት ነገር አደረግኩ። በመጀመሪያ ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ቱቦ ነቅዬ፣ ከኮፈኑ ከፍ ባለ ቦታ ካስቀመጥኩት ጀሪካን በሚያሳየው ቱቦ በቀጥታ ሰጠሁት፤ መኪናው ወዲያው ተነሣ፣ ለአንድ ሰዓትም ሳይንገዳገድ ሠራ። ስለዚህ ከፊልትሮው ወዲህ ያለው ሁሉ፣ የተፈረደበት ፖምፓም ጭምር፣ ነጻ ወጣ። ቀጥዬ የመኪናውን መስመር መለስኩና ያንኑ የሚያሳይ ቱቦ ከፊልትሮው በፊት ቀጠልኩት። ሞተሩ ሲዞር የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች በናፍጣው ውስጥ ተከታትለው ሲያልፉ ሽማግሌው ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድን ከሰልባትዮው የሚወጣው የብረት ቧንቧ ከጎማ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከብረት ማሰሪያው ሥር ጎማው ደርቆ እንደ ክረምት ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ርዝመቱ ከስንዝር አይበልጥም። የአዲሱ ዋጋ ከሁለት ኪሎ ቡና አይበልጥም ነበር።

ዘይቱንና የአየር ፊልትሮውን ቀይሬ፣ የተጣበቀውን የኋላ ፍሬን አስለቅቄ፣ የጊዜ ገደቡ ያለፈውን ቦሎ አሳድሼ ለመውጣት ሌላ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ እሱን ያየው ያውቀዋልና አልዘረዝረውም። የሚያሳየውን ቱቦ ግን ሆን ብዬ ከቦታው አልነቀልኩትም። በአዘዞ አልፌ ማክሰኚት ላይ፣ እንፍራንዝ ላይ፣ ኋላም ወረታ ላይ እየቆምኩ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት፤ ናፍጣው ያለ አንዲት አረፋ ጠጅ መስሎ ተኝቷል። 180 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጨርሼ ባሕር ዳር አደርኩና፣ በማግሥቱ ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘውን ሞተር ከመንካቴ በፊት ለአክስቴ ደውዬ ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ሳዞረው ተነሣ።

ስልኩን ሳነሣ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም። “ድምፁ ራሱ ነው” አሉኝ በመጨረሻ፤ ቀጥለውም ለደላላው ለጊዜው ምንም እንዳልናገር አዘዙኝ።